ካሉብን ሳልጠብቅ የገዛሁት ምድጃ

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ ግራውንድ ላይ፣ አምስት ጠረጴዛ የምትይዝ ቁርስ ቤት አለችኝ። ፉል፣ እንቁላል፣ ጨጨብሳ፣ ረፈድ ሲል ደግሞ ሽሮ። ምሳ አልሠራም፤ አቅሜን አውቃለሁ። ቤቱን ከመክፈቴ በፊት የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። ያ አመል እስካሁን አልለቀቀኝም። ዕቃ ስገዛ ቀድሞ የሚመጣብኝ ጥያቄ "ይሄ ብር መቼ ይመለሳል?" የሚለው ነው።

የዛሬው ዕቃ ባለ ሁለት ዓይን የኢንዳክሽን ምድጃ ነው። የቻይና ሥሪት ነው። ከላይ ጥቁር መስታወት፣ ከፊት በጣት የሚነካ መቆጣጠሪያ አለው። የገዛሁት ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ወረድ ብሎ ካለ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ነው። ዋጋውን አልጽፍም። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የዛሬ ዋጋ ለሚቀጥለው ሳምንት አይሠራም።

ስገዛው ያልተቆጣኝ ሰው የለም ማለት ይቻላል። "ጋዛችን ወጥቶ የለ እንዴ! ትንሽ ብትታገሺ ምን ነበረበት?" አልፈርድባቸውም። መስከረም 22 ቀን 2018 ሶማሌ ክልል ውስጥ ካሉብ ላይ የተፈጥሮ ጋዝ ፋብሪካው የመጀመሪያ ምዕራፍ ሲመረቅ ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተናል። በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ ጋዝ ተባለ። ሁለተኛው ምዕራፍ ሲያልቅ 1.33 ቢሊዮን ሊትር። ባዶ ሲሊንደር ተሸክሞ ቡታጋዝ ፍለጋ ለሚዞር ሰው ይሄ ምራቅ የሚያስውጥ ቁጥር ነው።

ስለዚህ ስለ ምድጃውም ስለ ጋዙም አብሬ እጽፋለሁ። ይሄኛውን የገዛሁት ያንን መጠበቅ ትቼ ነውና።

ከምድጃው ልጀምር። ኢንዳክሽን እሳት የለውም፤ እንደ ድሮው የኤሌክትሪክ ምድጃ የሚቀላ ሽቦም የለውም። ከመስታወቱ ሥር የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ አለ። ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት መግነጢሳዊ ኃይል ይፈጥራል፤ የሚግለው ድስቱ ራሱ ነው። ስለዚህ ድስቱ ማግኔት የሚይዘው መሆን አለበት። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። የኛ ማድቤት አብዛኛው አሉሚኒየም ነው። ትልቁ የወጥ ድስቴ አይሠራም። የፉል ድስቴ አይሠራም። አዲስ ሦስት ድስትና ሁለት መጥበሻ መግዛት ነበረብኝ፤ ይሄ ወጪ ሱቁ የሚነግራችሁ ዋጋ ውስጥ የለም።

ድስት ልገዛ ስሄድ ከፍሪጄ በር ላይ ማግኔት ነቅዬ በቦርሳዬ ያዝኩ። ባለ ሱቁ ሳቀብኝ።

"እህቴ፣ ልትገዢ ነው ልትመረምሪ?"

"ሁለቱንም" አልኩት።

"ለኢንዳክሽን ይሆናል" የሚል ወረቀት ከተለጠፈባቸው ድስቶች ማግኔቱ የማይዛቸውም ነበሩ። ወረቀቱን አትመኑ፤ ማግኔቱን እመኑ።

ጀበና ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። ሸክላ ስለሆነ ምድጃው መኖሩንም አያውቅም፤ ጢጥ ጢጥ ብሎ ይጠፋል። ቡናዬ አሁንም በከሰል ነው። ሽሮውንም በድስት ሠርቼ ከሰሉ ላይ ወደሞቀ ሸክላ እገለብጠዋለሁ። ደንበኛ ሸክላው ሲንተከተክ ካላየ ሽሮ በላሁ አይልም።

ፍጥነቱ ግን ያስደንቃል። ሁለት ሊትር ውሃ ስድስት ደቂቃ ገደማ ነው የሚፈጅበት። ከሚስበው ኃይል ወደ 85 በመቶው ድስቱ ውስጥ ይገባል። የቡታጋዝ እሳት ግማሹን እንኳ አያስገባም፤ የቀረው በድስቱ ዙሪያ ሽቅብ ሄዶ እኔን ነበር የሚያሞቀኝ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ቤቱ በላብ አይሞላም። አጋዤ ልጅ ይህን ብቻ አይታ ምድጃውን ወዳዋለች።

የማልወደው ዝቅተኛው ሙቀት ነው። ቁጥሩን ወደ ሁለትና ሦስት ስታወርዱት ሙቀቱ አይቀንስም። ሙሉውን ለጥቂት ሰከንድ ይሰጥና ያቆማል፤ እንደገና ይሰጣል፤ ያቆማል። ለፉል ችግር የለውም። ለሽሮ ግን መከራ ነው። ሽሮው ዝም ይላል፣ ከዚያ ድንገት ቡፍ ብሎ መስታወቱንም ግድግዳውንም እጄንም ይቀባል። ዘዴው ታችኛው ወፍራም የሆነ ድስት መግዛት ነው፤ ሙቀቱን ስለሚይዘው ግንፍልታው ይለዝባል። ሌላው፣ መጥበሻው እኩል አይግልም። ሽቦው ባለበት ቀለበት ላይ ቅቤው ይጠቁራል፣ ዳሩ ላይ እንቁላሉ ገና ጥሬ ነው። እየዞሩ ማማሰል ነው። ማራገቢያውም ይጮኻል። ሬዲዮ ከፍ አድርጌ ተላመድኩት።

አሁን ስለ መብራት። እያንዳንዱ ዓይን እስከ 2,000 ዋት ይስባል። የቂጣው ምጣድና ምድጃው በአንድ መስመር ላይ ሲበሩ ብሬከሩ ይወርዳል። ኤሌክትሪሺያን ጠርቼ ከማከፋፈያው ለብቻው ወፍራም ሽቦ አስጎተትኩለት። ይህንን ሳታሠሩ እንዳትሰኩ፤ ሶኬቱ ነው የሚቀልጠው። ከዚያ ደግሞ የኃይል መዋዠቅ አለ። ማታ ማታ ሰፈሩ ሁሉ እራት ሲሠራ መብራቱ ይደክማል፤ ምድጃው የሆነ የስህተት ቁጥር አሳይቶ ይዘጋል። ጠዋት ይሻላል፣ ለኔ ሥራ ደግሞ ጠዋቱ ነው የሚያስፈልገኝ። መብራት ድርግም ያለ ቀን ግን ማድቤቴም አብሮ ድርግም ይላል። የዚያን ቀን ከሰልና ለክፉ ቀን ያስቀመጥኳት አንዲት ቡታጋዝ ናቸው የሚያወጡኝ።

የኤሌክትሪክ ታሪፉም እንደ ድሮው አይደለም። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ እየጨመረ የሚሄድ ነው። እሱንም አስገብቼ ደብተሬ ላይ ስደምረው ለማብሰያ የማወጣው ከቡታጋዙ ዘመን ከግማሽ በታች ነው።

እሺ፣ ጋዙስ?

ብዙ ሰው የማያውቀውን ላስቀድም። ካሉብ የሚወጣው ጋዝ በአብዛኛው ሚቴን ነው። እኛ በሲሊንደር የምንገዛው ደግሞ ፕሮፔንና ቡቴን ነው። ቡታጋዝ መጠነኛ ግፊት ሲያገኝ በተራ ሙቀት ፈሳሽ ይሆናል፤ ለዚህ ነው በሲሊንደር ተሞልቶ በባጃጅ የሚሄደው። ሚቴን ፈሳሽ እንዲሆን ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ መቀዝቀዝ አለበት። በልዩ ታንከር ይጫናል፣ በልዩ ጣቢያ ይራገፋል። ከጋዙ ጋር ከሚወጣው ከባድ ጋዝ ለቤት የሚሆነውን ለመለየት ራሱን የቻለ ፋብሪካ ያስፈልጋል። ሚቴኑን ወደ ቤት ለማስገባት ደግሞ የከተማ ቧንቧ ይፈልጋል። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ የቧንቧ መስመር የለም፤ ኮዬማ ውሃውም በፈረቃ ነው። ካሉብ ከኛ በመንገድ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። እኔ ደረጃ ሥር ያስቀመጥኳቸው ሲሊንደሮች ያንን ጋዝ አይጠጡም።

የነዳጅ ፍለጋውን ነገር ያስረዱኝ እነዚያ ሲሊንደሮች ናቸው። ቡታጋዝ እንደ ልብ በሚገኝበት ጊዜ ነው የገዛኋቸው፤ ያኔ ትክክል ነበር። አሁን ከአንዷ በቀር ባዶ ናቸው፣ የሚገዛቸውም የለም፣ ብሬ እዚያው ብረቱ ውስጥ ተቆልፏል። የጋዝ ማሳ፣ ማስተላለፊያ ቧንቧና ማቀዝቀዣ ፋብሪካም ከዚህ የተለየ አይደለም። ወጪው መጀመሪያ ላይ በቢሊዮን ዶላር ይወጣል፤ የሚመለሰው ለ20 እና ለ30 ዓመት በሚሸጥ ጋዝ ነው። ገዢው መንገድ ላይ ሐሳቡን ከቀየረ ብረቱ ለባለቤቱ ይቀራል። ዕዳውም እንደዚያው።

ገዢው ሐሳቡን እየቀየረ ነው ወይ? በከፊል። ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት ዓለም በ2050 የተጣራ ልቀቷን ዜሮ ካደረገች እስከ 2021 ከጸደቁት ውጪ አዲስ የዘይትና የጋዝ ማሳ አያስፈልግም ብሎ ነበር። በ2023 ዱባይ ላይ በተካሄደው የአየር ንብረት ጉባኤ አገሮች ከቅሪተ አካል ነዳጅ ወደ መውጣት እንሂድ ብለው ተስማሙ። ወረቀት ነው፤ አውቃለሁ። የተስማሙት ራሳቸው እየቆፈሩ ነው።

ይህን ሁልጊዜ የሚነግረኝ አንድ የቦቴ ሾፌር ደንበኛ አለኝ። ከጅቡቲ ነዳጅ የሚያመላልስ፣ በፈጣን መንገዱ ገብቶ እኔ ጋ ፉል የሚበላ ትልቅ ሰው ነው። ጋሼ እንለዋለን።

"እህቴ፣ ዓለም ነገ ጠዋት ተነስቶ ነዳጅ በቃኝ አይልም። እኔ ወደቡ ላይ ተሰልፌ ነው የማድረው፤ ወረፋውን አይቼዋለሁ።"

"እሱማ ልክ ነዎት ጋሼ። ግን የሁሉም ነዳጅ እኩል ይፈለጋል ወይ?"

"ነዳጅ ነዳጅ ነው።"

እዚህ ላይ ነው የማልስማማው፤ ካልኩሌተር አወጣሁላቸው። አንድ ሊትር ፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ ወደ 450 ግራም ይመዝናል። የካሉብ 111 ሚሊዮን ሊትር እንግዲህ 50,000 ቶን ገደማ ነው። ኳታር ለብዙ ዓመታት ስትሸጥ የኖረችው በዓመት 77 ሚሊዮን ቶን ነው፤ ከኛ ከ1,500 እጥፍ በላይ። ወደ እጥፍ የተጠጋ ለማድረስም አቅዳለች። ጋዟ ርካሽ ነው፣ ፋብሪካዋ ባሕር ዳርቻ ላይ ነው። እኛ ወደብ የለንም። ጅቡቲ ድረስ ሊዘረጋ ሲባል የነበረው ቧንቧ 767 ኪሎ ሜትር ነበር፤ እስካሁን አልተዘረጋም። ገበያው ሲጠብ መጀመሪያ የሚወጣው ኳታር አይሆንም። ሩቅ ያለው፣ ውድ የሆነው፣ ዘግይቶ የመጣው ነው።

ጋሼ ዝም ብለው ፉላቸውን ጨረሱ። ተሸነፉ ማለት አይደለም፤ እሳቸው ሲበሉ አይከራከሩም።

ዘግይቶ መምጣት ስል፣ ካሉብ ላይ ጋዝ የተገኘው በ1960ዎቹ አጋማሽ ነው። ቴኔኮ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ነበር ያገኘው። ከዚያ ሶቪየቶች መጡ፣ ከዚያ የማሌዥያው ፔትሮናስ፣ ኅዳር 2006 ላይ የቻይናው ፖሊ ጂሲኤል ፈረመ። ሰኔ 2010 ድፍድፍ ዘይት ለሙከራ ወጣ ተብሎ ሰፈሩ ሁሉ ተደስቶ ነበር። በየመሐሉ ውል ተቋርጧል፣ ሰውም ሞቷል። ሚያዝያ 1999 እዚያው ሶማሌ ክልል አቦሌ ላይ በነዳጅ ፍለጋ ካምፕ በተፈጸመው ጥቃት 65 ኢትዮጵያውያንና 9 ቻይናውያን ተገድለዋል። ስለ ጋዝ ዕድል ሲወራ ይህ ቀን ለምን እንደማይነሳ አይገባኝም። ሞዛምቢክም ይኸው ነው የደረሰባት። እ.ኤ.አ. በ2021 ታጣቂዎች ፓልማን ሲያጠቁ የ20 ቢሊዮን ዶላሩ የጋዝ ፕሮጀክት ከአራት ዓመት በላይ ቆመ።

ኬንያ ደግሞ ቅርባችን ናት። ቱሎው የሚባል ኩባንያ ቱርካና ውስጥ ዘይት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። በ2018 በመኪና ወደ ሞምባሳ ማጓጓዝ ተጀመረ፣ በ2019 የመጀመሪያው ጭነት በመርከብ ወጣ፣ ጭፈራ ነበር። ከሙከራው አላለፈም። በ2023 ሸሪኮቹ ቶታልኢነርጂስና አፍሪካ ኦይል ጥለው ወጡ፤ በ2025 ቱሎው ራሱ ድርሻውን ሸጦ ሄደ። ይኸው ኩባንያ የኛን ደቡብ ኦሞም ቆፍሮ ለገበያ የሚሆን ሳያገኝ ነው የወጣው። ፍለጋ ማለት ይህ ነው፤ ጉድጓዱ ባዶ ሲሆን የወጣው ወጪ አይመለስም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ሌላ ነው። ጥር 2016 ላይ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከልክሏል። ሰፈራችን በቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ተሞልቷል። በሌላ በኩል ጎዴ ላይ በዓመት 3.5 ሚሊዮን ቶን የሚያጣራ ማጣሪያ ይሠራል ተባለ። ነዳጅ በዶላር ስለምንገዛ ማጣሪያ መፈለጉ ይገባኛል። የጭነት መኪናውም ገና ለብዙ ጊዜ በናፍጣ ነው። ግን ማጣሪያው እስኪያልቅና ብሩን እስኪመልስ ድረስ ቤንዚኑን የሚቀዳው ማን ነው? እንደ ሒሳብ ሠራተኛ አንድ ድርጅት ሁለት የማይጣጣሙ በጀቶች ሲያቀርብልኝ አንዱን መልሼ እሰድለት ነበር።

ለሚዛን፣ አንድ ነገር ላይ ከጋዙ ጎን ነኝ። ማዳበሪያ። ዩሪያ የሚሠራው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው፤ እኛ በየዓመቱ ከውጭ በዶላር እናስገባዋለን። ነሐሴ 2017 ከዳንጎቴ ጋር የተፈረመው የጎዴ ፋብሪካ 2.5 ቢሊዮን ዶላር ወጥቶበት በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን እንዲያመርት ነው የታቀደው። ገዢው ሩቅ አገር አይደለም፣ የራሳችን ገበሬ ነው። ያለውን ጋዝ ለዚያ ማዋል ያስኬዳል። ሌላ የፍለጋ ቦታ፣ ሌላ ጉድጓድ፣ ሌላ ቧንቧ እንጨምር ሲባል ግን እጄን አላወጣም። ጋዙ ንጹሕ ነው የሚሉም አሉ፤ ሲነድ ከከሰል ድንጋይ ይሻላል፣ እውነት ነው። ከጉድጓዱና ከቧንቧው ሲያፈተልክ ግን ሚቴን በ20 ዓመት ሲለካ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ80 እጥፍ በላይ ያሞቃል። በዚያ ሙቀት ድርቁ ቀድሞ የሚደርሰው ጋዙ ከተገኘበት አካባቢ ካለው አርብቶ አደር ቤት ነው።

ወደ ምድጃዬ ልመለስ። እሱ የሚሠራው በአብዛኛው ከውሃ በሚመነጭ መብራት ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው ሕዳሴ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ይህ ሁሉ ኃይል እያለ ማታ ማታ ምድጃዬ የሚዘጋው መብራት ስላልመነጨ አይመስለኝም። ትራንስፎርመሩ ከብሎኮቹ ቁጥር ጋር ስላላደገ ነው። ብሎኩ ሁሉ ምጣድ ሲሰካ ሽቦው አይችለውም። ለሌላ የጋዝ ፍለጋ የሚታሰበው ዶላር በትራንስፎርመርና በገመድ ቢመጣ የኮዬ ቁርስ ቤቶች ሁሉ ቡታጋዝ መጠየቅ ባቆሙ ነበር። ይህን ለጋሼም ነገርኳቸው። "ትራንስፎርመር በቦቴ አይጫንም" አሉኝ። እሳቸውስ ምን ያድርጉ፣ እንጀራቸው ነው።

ምድጃውን ማን ይግዛው? ለብቻው መስመር ማስጎተት የሚችል፣ ለክፉ ቀን ሌላ ማብሰያ ያለው፣ ድስቱን ለመቀየር የተዘጋጀ ሰው። ኮንዶሚኒየም ላይ ለሚኖር ትንሽ ቤተሰብ ባለ አንድ ዓይኑ ይበቃል። ኪራይ ቤት ውስጥ ሆናችሁ አከራያችሁ ሽቦ አታስነካም የምትል ከሆነች ይቅርባችሁ። ትልቅ ወጥ ለሚሠራ፣ ለድግስ ለሚያበስል አይሆንም፤ ዓይኑ ለትልቅ ብረት ድስት ጠባብ ነው።

ከአምስት ኮከብ ሦስት ተኩል እሰጠዋለሁ። ግማሿን የቀነስኩት ለሽሮው ነው፣ አንዷን ደግሞ ለአጉል ዋስትናው። የአንድ ዓመት ዋስትና የሚል ካርድ አለው፤ ጀርባውን ስታነቡት ግን "በኃይል መዋዠቅ የሚደርስ ብልሽትን አይመለከትም" ይላል። እዚህ ሰፈር ሌላ ምን ያበላሸዋል? ስለዚህ ስታቢላይዘር አብራችሁ ግዙ። ከመክፈላችሁ በፊት ምድጃውን እዚያው ሱቅ ውስጥ አሰክታችሁ በቁጥር ሁለት ላይ ውሃ አስቀምጡና እስኪፈላ ቁሙ። ባለ ሱቁ ሶኬታችን አይሠራም ካላችሁ ቀጥሎ ያለው ሱቅም ይሸጠዋል።